ባለ 3 ሊትሩ የቶዮታ ቱርቦ ናፍጣ ሞተር በጎጃም መንገድ፦ መለኪያዎቹ፣ ብልሽቶቹና አያያዙ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ደጀንን ሲያልፍ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላም ያንኑ ያህል ዳገት ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ጠዋት በደጋ ብርድ የተነሣ ሞተር ብዙ ሳይቆይ በቆላ ሙቀት ውስጥ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ እንዲወጣ ይጠየቃል ማለት ነው። በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት ፒክአፖችና ፕራዶዎች ብዙዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ሾፌሮች «ዲ-ፎር-ዲ» የሚሉት፣ ፋብሪካው ደግሞ «1ኬዲ-ኤፍቲቪ» ብሎ የሰየመው ሞተር ነው። ጠንካራ ሞተር ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ለሞት የሚያበቃው ከሸሚዝ ቁልፍ ብዙም የማትበልጥ የመዳብ ቀለበት፣ ያልተጣራ ናፍጣ ወይም ቀኑ ያለፈ ዘይት ነው። ስለዚህ ባለንብረቱም ሆነ ሾፌሩ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት ራሱ ሊያውቃቸውና ሊያያቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

በመጀመሪያ መለኪያዎቹን እንመልከት። ሞተሩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 በፕራዶ ላይ ተገጥሞ ወጣ። ይዘቱ 2,982 ሲሲ ሲሆን በአንድ መስመር የተሰለፉ 4 ሲሊንደሮችና 16 ባልቦላዎች አሉት፤ የሲሊንደሩ ስፋት 96 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት 103 ሚሊ ሜትር፣ በብዙዎቹ ላይ ያለው የመጭመቅ ልክ 17.9 ለ1 ነው። በሃይሉክስ ላይ በብዛት የሚገኘው ዓይነት 163 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ፣ 343 ኒውተን ሜትር የሆነውን ከፍተኛ የመጠምዘዝ ኃይሉን በደቂቃ ከ1,400 እስከ 3,400 ዙር ባለው ክልል ውስጥ ያወጣል። በሃይኤስ ሚኒባሶች ላይ የሚታየው 2,494 ሲሲ የሆነው 2ኬዲ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ከዚህ በታች ከሚነገረው አብዛኛው እርሱንም ይመለከታል።

ለሾፌር ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ የሚጠቅመው የመጠምዘዝ ኃይሉ የሚወጣበት የዙር ክልል ነው። የዓባይን ዳገት በከፍተኛ ማርሽ ከ1,400 ዙር በታች እያጓራ እንዲወጣ ማስገደድ ነዳጅ መቆጠብ ሳይሆን ፒስተኑንና ኩሽኔታውን (የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከሙትን ብረቶች) መደብደብ ነው፤ ማርሽ ቀንሶ በ2,000 እና በ2,500 ዙር መካከል ይዞ መውጣት ይሻላል። ቁልቁለቱንም ቢሆን ፍሬን ብቻ እየረገጡ ሳይሆን ሞተሩን በዝቅተኛ ማርሽ እያስያዙ መውረድ ይገባል።

ከፍታው ራሱ አንድ ነገር ይጨምራል። ደብረ ማርቆስ ባለችበት በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦው ይህን ጉድለት ይሞላል፤ የሚሞላው ግን በፍጥነት በመሽከርከር ስለሆነ በባሕር ጠለል አጠገብ ከሚሠራ መኪና ቱርቦ ይልቅ የእኛ ቱርቦ የበለጠ ይደክማል። ከዚህም በላይ በዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተሩ ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው፤ ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን በቆላ ከተማ ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችል ይሆናል፣ በደጀን ዳገት ላይ ግን በአንድ ቀን ያጋልጣል። ክዳኑን መቀየር ቴስታታ (የሲሊንደሮቹን የላይኛ መክደኛ) ከማስላጥ እጅግ ይረክሳል። ራዲያተሩ ውስጥም የወንዝ ውኃ ሳይሆን ኩላንት መኖር አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በዚህ ሞተር ላይ ናፍጣ የሚረጩት ኢንጀክተሮች፣ መካኒኮች ኖዝል የሚሏቸው፣ ቴስታታው ውስጥ የሚቀመጡት በሥራቸው የመዳብ ቀለበት ተደርጎ ነው። የቀለበቱ ሥራ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ላይ እንዳያፈተልክ መዝጋት ነው። ቀለበቱ ሲያረጅ ወይም መቀመጫው ቆሽሾ በደንብ ሳይጨበጥ ሲቀር፣ በየፍንዳታው ጥቂት የጋለ ጋዝ እየሾለከ ወደ ሞተሩ የላይኛው ክዳን ውስጥ ይገባና በዚያ ያለውን ዘይት ያሳርረዋል። የአረረው ዘይት ቅርፊት እየሆነ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ወደ ኮፓው፣ ይወርዳል፤ በመጨረሻም ዘይት የምትስበውን ወንፊት ይደፍናታል። ፓምፑ ዘይት ሲያጣ መጀመሪያ የሚጎዱት ቱርቦውና የኩሽኔታ ብረቶቹ ናቸው። ብዙዎች «ቱርቦው ተበላ» ብለው አዲስ ቱርቦ ገዝተው ይገጥማሉ፤ ወንፊቷ ካልጸዳች አዲሱም ያው ይሆናል።

ይህን በራሴ ፒክአፕ አይቼዋለሁ። አንድ ጋራዥ ኖዝሎቹን አውጥቶ ካስለካ በኋላ ያወጣቸውን አሮጌ ቀለበቶች መልሶ ገጠማቸው። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ጠዋት ሳስነሣው «ፍስ፣ ፍስ» የሚል፣ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ጀመረ። እኔም ሲሞቅ ስለሚጠፋ ናቅሁት። ከዚያ ደንበጫ ላይ አድሬ ሳስነሣ የዘይት መብራቱ ወዲያው መጥፋት ሲገባው ጥቂት ሰከንድ ቆየ። እዚያው ኮፓው እንዲወርድ አደረግሁ። ወንፊቷ ከግማሽ በላይ ተሸፍና ነበር፤ ቅርፊቱ ከድስት ሥር እንደሚፋቅ ያረረ ሽሮ ይመስላል፣ በጣት ሲያሹት ደግሞ እንደ ከሰል ይደቃል። መኪናው ያን ዕለት ዓባይን ቢወርድ ኖሮ ተመልሶ የሚወጣ አይመስለኝም።

ስለዚህ ምርመራውን በዚህ ቅደም ተከተል ማድረግ ይቻላል። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ሲቀዘቅዝ ያስነሡትና የላይኛውን ክዳን ጆሮ ሰጥተው ያዳምጡ፤ የፉጨት ወይም የትንፋሽ ድምፅ ካለ ይጠርጥሩ። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ጥቂት ትንፋሽ መኖሩ የተለመደ ነው፣ እየተመታ የሚወጣ ወፍራም ጭስ ግን የተለመደ አይደለም። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተው በነጭ ጨርቅ ይጥረጉት፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት መጥቆሩ አያስደነግጥም፣ የሚያስደነግጠው ጨርቁ ላይ የሚቀር ጠጣር ቅንጣት ነው። ዘይት በሚቀየርበት ጊዜም የማፍሰሻው ቡሎን ሲወጣ በቀዳዳው በኩል በባትሪ ወይም በትንሽ ካሜራ ወንፊቷን ማየት በብዙዎቹ ላይ ይቻላል። ቅርፊት ከታየ ኮፓው ይውረድ፣ ወንፊቷ ትጽዳ፣ ቀለበቶቹም ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀየሩ። ኖዝል በወጣ ቁጥር አዲስ ቀለበት መግባት እንዳለበትና መቀመጫው ከካርቦን መጽዳት እንዳለበት ከመካኒኩ ጋር አስቀድሞ መነጋገር አያሳፍርም። አሮጌዎቹን በእጅዎ እንዲያስረክብዎ ቢጠይቁ ደግሞ ክርክሩ ሁሉ ይቀራል።

ዘይቱን በተመለከተ የእኔ ልማድ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ነው። በመመሪያ መጽሐፍ ላይ ከዚህ የረዘመ ርቀት ሊያነቡ ይችላሉ፤ ያ ርቀት ግን አቧራ፣ ዳገትና ሙሉ ጭነት ላልበዛበት አገልግሎት የታሰበ ነው። ከነፊልትሮው ወደ 7 ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ ሆኖም ማረጋገጫው ጀሪካኑ ሳይሆን መለኪያው ዘንግ ነው።

ሁለተኛው የዚህ ሞተር ጠላት ናፍጣው ነው። ይህ ሞተር በሚጠቀምበት የኮመን ሬይል አሠራር ፖምፓው (የናፍጣ ፓምፑ) ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ ጨምቆ በአንድ የጋራ ቧንቧ ውስጥ ያከማቻል፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ እያንዳንዱን ኖዝል በኤሌክትሪክ እየከፈተ ይረጫል። እንዲህ ባለው ግፊት ውስጥ አንድ የውኃ ጠብታ ወይም የአሸዋ ደቃቅ የሚያደርሰው ጉዳት በድሮዎቹ 3ኤል እና 5ኤል ሞተሮች ላይ ከሚያደርሰው ጋር አይወዳደርም። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ መቅዳት ግድ ከሆነ፣ በብርጭቆ ጠርሙስ ትንሽ ቀድተው ለጥቂት ደቂቃ ያስቀምጡት፤ ውኃ ካለበት ከሥር ይለያል፣ ላምባ የተቀላቀለበትን ግን በዚህ መንገድ መለየት አይቻልም። የነዳጅ ፊልትሮውን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር፣ የፊልትሮው የማስጠንቀቂያ መብራት ሲበራም ሳይውል ሳያድር ከሥሩ ያለውን መክፈቻ ፈትቶ ውኃውን ማፍሰስ ያስፈልጋል።

አንድ ልማድ በብርቱ መተው አለበት። በድሮ ናፍጣ ሞተር አየር ሲገባ የኖዝሉን ቱቦ ሞተሩ እየዞረ ማላላት የተለመደ ነበር። በዚህ ሞተር ላይ ግን ከዚያ ቱቦ የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል፤ ጉዳቱ ከላይ ሲታይ መርፌ የወጋው ይመስላል እንጂ ወዲያውኑ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው። አየር ሲገባ ሞተሩ ጠፍቶ በፊልትሮው ላይ ባለው የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር መሳብ ብቻ በቂ ነው።

ሞተሩ በሚኒሞ ከፍ ዝቅ ካለ ወይም ድንገት ከጠፋና ኮምፒዩተሩ «ፒ1229» የሚል ኮድ ካሳየ፣ ሙሉ ፖምፓ ከመግዛት በፊት በፖምፓው ላይ የተገጠመው የነዳጅ መጠን መቆጣጠሪያ ባልቦላ ይታይ። የሚንኳኳ ድምፅ ከሆነ ደግሞ ምርመራ መሣሪያው የእያንዳንዱን ኖዝል ማስተካከያ ቁጥር ያሳያል፤ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሳለ ቁጥሩ ከ3 በላይ ወይም ከነጌቲቭ 3 በታች የወጣ ኖዝል ተጠርጣሪ ነው። ከመጠን በላይ የሚያፈስ ኖዝል ችላ ሲባል የፒስተኑን ራስ ያነድዳል፣ በዚህ ሞተር ላይ ለሚታወቀው የፒስተን መሰንጠቅም አንዱ መንገድ ይኸው ነው። አዲስ ኖዝል ሲገባ በላዩ የተጻፈው ኮድ ወደ ኮምፒዩተሩ መግባቱን ያረጋግጡ።

ስለ ቱርቦው ብዙ የሚባል የለም፦ ዳገት ወጥተው እንደቆሙ ወዲያው አያጥፉት፣ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ በሚኒሞ ይተንፍስ። የአየር ፊልትሮውን በበጋ፣ በተለይ ገና አስፋልት ባልደረሰበት መንገድ ለሚሠራ ሰው፣ በየሳምንቱ አውጥቶ ማየት አይበዛም። የጭስ መመለሻው መስመር በጥላሸት ሲደፈን ኃይል ይቀንሳልና በየጊዜው ይጽዳ።

ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው የምጨምረው የባልቦላዎቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማውን ቀበቶ፣ የታይሚንግ ቺንጋውን፣ ነገር ነው። ፋብሪካው የሚቀየርበትን ጊዜ በ150,000 ኪሎ ሜትር ይወስናል፣ ዳሽቦርዱም መብራት ያበራል፤ መብራቱን ግን ቺንጋ ሳይቀይሩ ማጥፋት ይቻላል፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪም ወደ ኋላ ይመለሳል። ቺንጋው ከተበጠሰ ባልቦላና ፒስተን ይጋጫሉ። ስለዚህ በሻጩ ቃል ሳይሆን በደረሰኝ ካልታየ በስተቀር እንዳልተቀየረ ቆጥረው ዋጋውን ከመኪናው ላይ ያስቀንሱ። መኪናውንም ለማየት ሲቀጥሩ ጠዋት በማለዳ ይሁን፤ ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይዳስሱ፣ ሞቆ ከጠበቀዎት በሌላ ቀን ሳያስነሡ እንዲጠብቁዎት ነግረው ይመለሱ።