በባዶ ኪስ ሰውነት ማጠንከር፦ ከየት ይጀመራል?

የስፖርት መምህር ነኝ። ካስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ ከሜዳና ከጥቂት ኳሶች በቀር ሌላ ዕቃ አልነበራቸውም። ሰዎች «ስፖርት ብጀምር ደስ ይለኛል፤ የጂም ክፍያው ግን ከአቅሜ በላይ ነው» ሲሉኝ የምመልስላቸው እዚያው ሜዳ ላይ ያየሁትን ነው። ሰውነት የሚጠነክረው ከለመደው ትንሽ ከፍ ያለ ሥራ በየጊዜው ሲሰጠው ነው። ጡንቻ የሚያነሳው ነገር የተገዛ ብረት ይሁን መጽሐፍ የታጨቀበት ቦርሳ አያውቅም፤ የሚያውቀው ምን ያህል እንደከበደውና ምን ያህል እንደደከመ ብቻ ነው። ገንዘብ ያጠረው ሰው «ምን ልግዛ?» የሚለውን ትቶ «ያለኝን ነገር እንዴት ቀስ በቀስ ላክብደው?» ብሎ ቢጀምር ግማሹን መንገድ ሄዷል።

መጀመሪያ ልኩን እንወቅ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። በዚህ ላይ ዋና ዋናዎቹን ጡንቻዎች የሚያሠራ የጉልበት ልምምድ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ይጨመራል። ቀድሞ «እንቅስቃሴው በአንድ ጊዜ ቢያንስ 10 ደቂቃ ካልቆየ አይቆጠርም» ይባል ነበር፤ አዲሱ መመሪያ ይህን አንስቶታል። ከሥራ ወደ ሥራ ለሚሯሯጥ፣ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ 3 ደቂቃም፣ 5 ደቂቃም ተደምሮ ይቆጠራል።

«መካከለኛ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አያስፈልግም። እየተራመዳችሁ ከሰው ጋር መነጋገር ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ መካከለኛ ላይ ናችሁ። ጥቂት ቃላት ተናግራችሁ ትንፋሽ ለመሳብ የምታቆሙ ከሆነ ጠንከር ወዳለው ገብታችኋል።

እግርና ደረጃ

እግር ጉዞን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ የለንደንን ባለሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች አጥንተው ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚነዱት ሾፌሮች ይልቅ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ትኬት የሚቆርጡት የልብ ሕመም ያነሰባቸው ሆነው ተገኙ። ትኬት ቆራጮቹ ስፖርት እንሥራ ብለው የተነሱ ሰዎች አልነበሩም፤ የዕለት ሥራቸው ነበር። ስለዚህ በመንገዳችሁ ላይ ያለውን ሁሉ ተጠቀሙበት። ከመድረሻችሁ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ፤ አሳንሰር ቢኖርም በደረጃ ውጡ፤ ስልክ ስታወሩ ቆማችሁ ተራመዱ።

በቀን 10,000 እርምጃ የሚለው ቁጥር ብዙዎችን ያስጨንቃል፤ መቁጠሪያ ግዙ ግዙም ያሰኛል። ቁጥሩ የመጣው ከሕክምና ጥናት ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው። ከዚያ በታች መራመድም ጤና ይሰጣል። ዛሬ የምትራመዱትን እወቁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት 10 ደቂቃ ጨምሩበት። ይበቃል።

ደረጃ ካገኛችሁ ደግሞ የትኛውንም የመሮጫ ማሽን የሚተካ ነገር አግኝታችኋል። ለ5 ደቂቃ በዝግታ ወጥታችሁ ወርዳችሁ ሰውነታችሁን አሟሙቁ። ከዚያ ለ1 ደቂቃ ያህል ፈጠን ብላችሁ ውጡና በዝግታ ውረዱ። መውረዱ ዕረፍታችሁ ነው። ይህን 4 ጊዜ ደጋግሙ፤ ሲቀላችሁ ወደ 6፣ ከዚያም ወደ 8 ከፍ አድርጉት። ስትወጡ ሙሉ እግራችሁ እርከኑ ላይ ይረፍ፤ ስትወርዱ አትዝለሉ፤ እጃችሁ ከድጋፉ አይራቅ። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ መውጣቱን ቀንሱና ሜዳ ላይ በፍጥነት ተራመዱ።

ገመድ መዝለል የምትወዱ ከሆነ ማንኛውም ደህና ገመድ ይሆናል። ርዝመቱን ለማወቅ መሐሉን ረግጣችሁ ቁሙ፤ ሁለቱ ጫፎች ብብታችሁ ጋ ከደረሱ ልኩ ነው። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ግን ለታች ጎረቤት ስትሉ ግቢ ውስጥ ብትዘሉት ይሻላል።

መግፋት፣ መሳብ፣ መቀመጥ፣ ማጎንበስ

ጉልበት ለመገንባት መቶ ዓይነት እንቅስቃሴ አያስፈልግም። እኔ ተማሪዎቼን የማሠራቸው አራት ነገር ነው፦ መግፋት፣ መሳብ፣ ቁጭ ብሎ መነሳትና ከወገብ በታች አጎንብሶ ማንሳት። ሌላው ሁሉ የእነዚህ ዘመድ ነው።

መግፋት ማለት ፑሽ አፕ ነው። መሬት ላይ ፑሽ አፕ ስትሠሩ እጃችሁ የሚሸከመው ከሰውነታችሁ ክብደት ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋውን ነው፤ በጉልበት ተንበርክካችሁ ከሆነ ግማሽ ገደማ። እጃችሁ ያረፈበት ቦታ ከፍ ባለ ቁጥር ክብደቱ ይቀላል፤ እግራችሁ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ይከብዳል። ስለዚህ ከግድግዳ፣ ከጠረጴዛ፣ ከወንበር፣ ከመሬት፣ ከዚያም እግርን ወንበር ላይ አድርጎ እስከመግፋት ድረስ ያለ አንድ ሳንቲም አምስት የተለያየ ክብደት አላችሁ ማለት ነው። «አንድም ፑሽ አፕ አልችልም» የምትለኝን ተማሪ መሬት ላይ አላስጀምራትም። የመምህር ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ እጆቿን ከትከሻዋ ትንሽ ሰፋ አድርጋ ታሳርፋለች፤ እግሯን ወደኋላ ትወስዳለች፤ መቀመጫዋንና ሆዷን ታጠብቃለች። ከዚያ ደረቷ ጠርዙን ሊነካ እስኪል ድረስ 3 ሰከንድ ወስዳ ትወርዳለች። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሰንፈው ክንድ ሳይሆን ወገብ ነው፤ ሆድ ወደታች ይረግባል። ወገቡ የረገበ ቀን ያንን ዙር እዚያው አቁሙ። የተበላሸውን መደጋገም ወገብን ከማሳመም በቀር የሚያመጣው የለም።

መሳብ ያለ ዕቃ ከሁሉም የሚያስቸግረው ነው፤ ለዚህም ነው ቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ደረታቸው ጠንክሮ ጀርባቸው የሚቀረው። ቀኑን ሙሉ ጎብጦ ለሚቀመጥ ሰው ጀርባ ከሁሉም ይበልጣል ባይ ነኝ። ሁለት መንገድ ልንገራችሁ።

አንደኛው አንሶላ ነው። ያልሳሳ፣ ያልተቀደደ አንሶላ አንዱን ጫፍ በትልቁ ቋጥሩ። ቋጠሮውን በበሩ አናት ላይ ወደ ማዶ አሳልፉና በሩን ጥርቅም አድርጋችሁ ዝጉ፤ ቁልፍ ካለው ቆልፉት። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ መቆም ያለባችሁ በሩ ወደ እናንተ በማይከፈትበት በኩል ነው። እንዲያ ሲሆን ስትስቡት ይበልጥ ይዘጋል እንጂ አይከፈትባችሁም። አንሶላውን በሁለት እጅ ይዛችሁ መጀመሪያ በግማሽ ክብደታችሁ ሞክሩት፤ በሩና ማጠፊያው ጠንካራ መሆናቸውን አረጋግጡ። ከዚያ እግራችሁን ወደ በሩ አስጠግታችሁ ሰውነታችሁን እንደ ሳንቃ ቀጥ አድርጋችሁ ወደኋላ አዘንብሉ፤ ክርናችሁን ወደ ጎናችሁ እየሳባችሁ ተነሱ። እግራችሁ ወደ በሩ በቀረበ ቁጥር ይከብዳል። በራችሁ አሮጌ ከሆነ ግን ይህን ተዉት።

ሁለተኛው የጀርባ ቦርሳ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ በጠርሙስ ውኃ ያለ ሚዛን ክብደት ማወቅ ይቻላል። ደረቅ አሸዋ በዚያው ጠርሙስ ከውኃው በግማሽ ገደማ ይበልጣል። ቦርሳው ውስጥ ዕቃው እንዳይንከባለል በልብስ አጣብቁት። አንድ እጃችሁን ወንበር ላይ አስደግፋችሁ፣ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ አጎንብሱና በሌላኛው እጅ ቦርሳውን ወደ ወገባችሁ ሳቡት። በየሳምንቱ አንድ ጠርሙስ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ መጨመር ትችላላችሁ። ማንጠልጠያው የተላላ ቦርሳ ከሆነ መጀመሪያ ድርብ አድርጋችሁ ስፉት።

ቁጭ ብሎ መነሳት (ስኳት) ለማንም ሰው ከወንበር ይጀመራል። ቁጭ በሉ፣ ያለ እጅ እርዳታ ተነሱ። ሲቀል ወንበሩን ነካ አድርጋችሁ ብቻ ተነሱ፤ ከዚያ ቦርሳውን ደረታችሁ ላይ እቀፉ። ተረከዝ ከመሬት አይነሳ፤ ጉልበት ወደ ውስጥ አይታጠፍ።

ማጎንበሱን ብዙዎች የሚሠሩት በጀርባቸው ነው፤ መሥራት ያለበት ግን መቀመጫና የኋላ ጭን ነው። ሁለት እጃችሁ ዕቃ ይዞ በሩን በመቀመጫችሁ ገፋ አድርጋችሁ እንደምትዘጉት፣ ጉልበታችሁን ትንሽ ብቻ አጥፋችሁ መቀመጫችሁን ወደኋላ ግፉ። ቦርሳው ጭናችሁን ታክኮ ይውረድ። የኋላ ጭናችሁ ሲወጠር ተመለሱ።

ስንት ጊዜ ለሚለው፦ እያንዳንዱን 2 ወይም 3 ዙር ሥሩ። በየዙሩ «ከዚህ በኋላ አንድ ሁለት ብቻ ነው የምችለው» የምትሉበት ላይ ስትደርሱ አቁሙ። ቀላል ክብደትም ቢሆን እስከ ድካም ድረስ ከተሠራ ጡንቻን እንደሚያሳድግ ጥናቶች አሳይተዋል፤ የድሃ ሰው ጂም የሚሠራውም በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን 20 ጊዜ ሠርታችሁ ገና ምንም ካልመሰላችሁ ወደሚከብደው ደረጃ እለፉ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጉልበት፣ በሌሎቹ ቀናት እግር ጉዞ ወይም ደረጃ ብትሉ ጥሩ ነው።

ደብተር

ከሁሉም ዕቃ የሚበልጠው የቱ ነው ብትሉኝ የተረፈ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። «ረቡዕ፤ ፑሽ አፕ ጠረጴዛ ላይ 9፣ 8፣ 6፤ ቦርሳ ባለ 4 ጠርሙስ 10፣ 10፣ 9፤ ወገብ ደህና» ብላችሁ ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ከአንዱ ላይ አንድ ጨምሩ። ሳትጽፉ «ትናንት ስንት ነበር?» እያላችሁ ከሄዳችሁ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ቦታ ትሠራላችሁ። መስታወት በሁለት ሳምንት ምንም አያሳያችሁም፤ ደብተሩ ግን 6 የነበረው 8 መሆኑን ያሳያችኋል፣ ለመቀጠል ደግሞ ያ ያስፈልጋል።

ገንዘብ የሚወጣበትና የማይወጣበት

ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ ጫማ ላይ አውሉት። ጫማ ስትሞክሩ እግር አበጥ ስለሚል ወደ ማታ ይሁን፤ ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይኑር፤ ተረከዛችሁ አይንሸራተት። ስሙና ቀለሙ አይመልከታችሁ።

ሆድ ያጠፋል የሚባል ቀበቶና ሻይ አትግዙ። ሆድ ላይ ያለ ስብ በሆድ እንቅስቃሴ ብቻ ተለይቶ አይጠፋም፤ ሰውነት ስብን ከየት እንደሚቀንስ እኛ አንመርጥለትም። የፕሮቲን ዱቄትም ግዴታ አይደለም። ጤናማ አዋቂ ለአንድ ኪሎ ክብደቱ በቀን 0.8 ግራም ፕሮቲን መነሻው ነው፤ ጉልበት የሚሠራ ሰው እስከ 1.6 ግራም ድረስ ሊጠቅመው ይችላል። ጥራጥሬና እንቁላል ይህን ይሞላሉ።

አንድ ነገር ግን ከልብ ልናገር። ምግብ በበቂ ሁኔታ ያልተገኘበት ቀን ይኖራል። በዚያ ቀን ደረጃ አትሩጡ፣ ቦርሳ አታንሱ፤ በዝግታ መራመድ ይበቃል፤ ቢቀርም ነውር የለበትም። ቀኑን ሙሉ ሸክም የሚያነሳ ሰውም ማታ ሌላ ሸክም አያስፈልገውም፤ ሰውነቱን ያፍታታ፣ ይተኛ። ለአዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል፤ ክፍያ የለውም።

ከጀመራችሁ በኋላ በነጋታውና በማግስቱ ጡንቻችሁ ቢያማችሁ አትደንግጡ፤ በጥቂት ቀናት ይለቃል። መገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም ከተሰማችሁ ግን አቁሙ። ደረት ላይ ሕመም፣ ማዞር፣ ከልክ ያለፈ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው አቁማችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁም ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

ታማችሁ ወይም ሥራ በዝቶባችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት ካቋረጣችሁ፣ ደብተሩን አውጥታችሁ መጨረሻ ላይ የጻፋችሁትን እዩ። በየዙሩ የዚያን ግማሽ ያህል እየሠራችሁ ጀምሩ፤ ከቦርሳውም አንድ ሁለት ጠርሙስ አውጡ። የጠፋው ጉልበት መጀመሪያ ከተገነባበት ጊዜ ባጠረ ጊዜ ይመለሳል።