በመኪና አደጋ ከተጎዱ በኋላ፦ ከአስፋልቱ እስከ ካሳው

አዲስ አበባ ውስጥ አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991 ይጠራል። አንገት ወይም ጀርባ ካመመዎ አይነሱ፤ ሰውም ጎትቶ ታክሲ ውስጥ እንዳይጭንዎ፤ እሳት ወይም የሚመጣ መኪና ካላስገደደ በቀር። ደም የሚፈስበትን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ነው፤ ጨርቁ ቢርስ ሳያነሱት በላዩ ይደርቡ።

የሰሌዳ ቁጥሩን ፎቶ አንሱልኝ ይበሉ፤ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ተለጣፊም ጭምር። ትራፊክ ፖሊስ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ሳያነሳ መኪኖቹ ከተንቀሳቀሱ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ አሽከርካሪው «አሳክምሃለሁ» ብሎ ጥቂት ሺህ ብር ይሰጥና ወረቀት ያስፈርማል። ስብራቱ ግን የሚታየው በራጅ ነው፤ የጭንቅላት ጉዳትም ከሰዓታት በኋላ በትውከት ወይም በእንቅልፍ መብዛት ሊገለጥ ይችላል። ሳይመረመሩ አይፈርሙ።

ሆስፒታል ሲገቡ «የመኪና አደጋ ነው» ብለው ካርዱ ላይ ያስጽፉ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የአደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና ያገኛል፤ ገጪው ቢሰወር ወይም ኢንሹራንስ ባይኖረውም የመድን ፈንድ አለ። የመድኃኒት ደረሰኝ ሁሉ በስምዎ ይሁን።

ቋሚ ጉዳት ካለ የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚጽፍበት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ሕክምናው ሲያልቅ ይጠይቁ። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፤ የካሳ ክስ ግን በመርሕ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፤ ሽማግሌ እየተመላለሰ ጊዜው እንዳያልፍብዎ።