ዕቃው ባሕር ላይ፣ መጋዘኑ ባዶ፦ የግዢ ክፍል ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ዕቃ ሲዘገይ መጀመሪያ የሚወቀሰው መርከቡ ነው። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ግን መርከቡን እኛ አናዝዘውም። በእጃችን ያለው ትዕዛዝ የምንልክበት ቀን፣ ውሉና ሰነዱ ነው። ከታች ካሉት ምልክቶች የእናንተን ፈልጉ።

ምልክት፦ አቅራቢው "ተጭኗል" ይላል፣ ዕቃው የት እንዳለ ግን አይታወቅም

"ተጭኗል" ብዙ ትርጉም አለው። ከፋብሪካ በመኪና ወጥቶ ይሆናል። ወደብ ደርሶ ተራ እየጠበቀ ይሆናል። መርከቡ ሞልቶ ወይም ጉዞው ተሰርዞ ኮንቴይነሩ ለሚቀጥለው ተላልፎ ይሆናል። ጉዞ ከጀመረ በኋላም መንገድ ላይ ያለ ወደብ ወርዶ ሌላ መርከብ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ።

መፍትሄ፦ የቢል ኦፍ ሌዲንጉን (የመርከብ ድርጅቱ ለዕቃው የሚሰጠውን የጭነት ሰነድ) ኮፒ ጠይቁ። መርከብ ላይ የተጫነበት ቀን አለው? ወይስ ዕቃውን ለመጫን ተረክበናል ብቻ ነው የሚለው? ከዚያ የኮንቴይነር ቁጥሩን በመርከብ ድርጅቱ ድረ ገጽ ተከታተሉ። ገና ወደብ ላይ ከሆነ አቅራቢው ሌላ መርከብ እንዲፈልግ መጎትጎት ይቻላል። ባሕር ላይ ከሆነ ግን ስልክ መደወሉ አያፈጥነውም። በጣም የቸኮላችሁበትን ጥቂት ዕቃ በአየር አስመጡ፣ ወይም በእጁ ካለው ነጋዴ ግዙ።

ምልክት፦ እንደ ወትሮው አዘዝን፣ ክምችቱ ግን አለቀ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኔ እንደማየው ግዢ ክፍልን በጣም የሚጎዳው ይሄ ነው።

ምክንያቱ በአማካይ ቀን ማዘዛችን ነው። ያለፉት አምስት ትዕዛዞች በ40፣ በ44፣ በ41፣ በ70 እና በ45 ቀን ደረሱ እንበል። አማካዩ 48 ቀን ነው። በቀን 10 ፍሬ የምትጠቀሙ ከሆነ 480 ፍሬ ሲቀር ታዛላችሁ። የ70 ቀኑ መዘግየት ሲደገም ግን 22 ቀን ያለ ዕቃ ትቀመጣላችሁ።

መዘግየቱ ደግሞ መደገሙ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ቀይ ባሕር ላይ በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት ሲጀመር፣ ብዙዎቹ የስዌዝን ቦይ ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞሩ። ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚደረገው ጉዞ ከ10 እስከ 14 ቀን ገደማ ጨመረ። ጉዞው ሲረዝም ባዶ ኮንቴይነሩም ዘግይቶ ይመለሳል። ስለዚህ በዚያ መንገድ ዕቃ የማያመጣ ገዢም ይነካል።

መፍትሄ፦ ቢጎድል ሥራ የሚያቆመውን ዕቃ በረጅሙ ቀን አስሉ። በምሳሌያችን 700 ፍሬ ሲቀር ታዛላችሁ ማለት ነው። ተጨማሪው 220 ፍሬ የታሰረ ገንዘብ ነው፤ ለሁሉም ዕቃ እንዲህ ካደረጋችሁ ካሽ ይደርቃል። ለሌላው አማካዩ ይበቃል። የመርከቡ መንገድ ከተቀየረ ደግሞ የድሮውን ቁጥር ጣሉትና በአዲሱ አስሉ።

ምልክት፦ ሒሳቡ ከፕሮፎርማው በላይ መጣ

በኤፍኦቢ (ሻጩ ዕቃውን መርከብ ላይ እስኪጭን ያለውን ወጪ ብቻ በሚችልበት ውል) ከገዛችሁ የመርከብ ኪራዩ የእናንተ ነው፤ ሲንርም የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ፕሮፎርማው ላይ የምታዩት ዋጋ እስከ መጫኛው ወደብ ያለውን ብቻ ነው። አቅራቢዎችን ስታወዳድሩ ዕቃው መጋዘናችሁ እስኪገባ ያለውን ወጪ በሙሉ ደምሩ።

ሲአይኤፍ የተባለው ውልም ከአደጋ አያድንም። ሻጩ ኪራይና ኢንሹራንስ ይከፍላል እንጂ፣ ዕቃው መርከብ ላይ ከወጣ በኋላ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ኪሳራው የገዢው ነው። ውሉ ሌላ ካላለ ሻጩ የሚገባው ኢንሹራንስም ዝቅተኛው ሽፋን ነው። ሰፋ ያለ ሽፋን ከፈለጋችሁ ውሉ ላይ በግልጽ አስጽፉ።

ኢንሹራንሱን አትናቁት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለው መርከብ ስዌዝ ላይ ለስድስት ቀን ሲጣበቅ፣ መርከቡን የማዳኑ ወጪ ለዕቃ ባለቤቶችም እንዲካፈል ተጠየቀ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዕቃው ደህና ቢሆን እንኳ የወጪውን ድርሻ ለመክፈል ዋስትና ሳያቀርቡ መረከብ አይቻልም።

ምልክት፦ ዕቃው ወደብ ደርሷል፣ ግን አይወጣም

አብዛኛውን ጊዜ ሰነድ ነው። የቢል ኦፍ ሌዲንጉ ኦሪጅናል አልደረሰም፣ ወይም ኢንቮይሱና ፓኪንግ ሊስቱ (የታሸገው ዕቃ ዝርዝር) አይገጥሙም። ዕቃው ያለ ክፍያ የሚቆይበት ነጻ ቀን ሲያልፍ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) በየቀኑ ይቆጥራል። ኦሪጅናል ከመላኩ በፊት ረቂቁን አስልካችሁ ቃል በቃል አመሳክሩ። ክፍያው ካለቀና አቅራቢው ከተስማማ፣ ኦሪጅናል ወረቀት ሳይጠበቅ በቴሌክስ ሪሊዝ (የመርከብ ድርጅቱ መድረሻ ወደብ ላለው ወኪሉ በሚልከው የመልቀቂያ መልእክት) እንዲለቀቅ ጠይቁ።

ክፍያው በኤልሲ (ባንኩ ሰነዶቹን አይቶ ለሻጩ በሚከፍልበት መንገድ) ከሆነ፣ መርከቡ መዘግየቱን እንደሰማችሁ የመጨረሻውን የመጫኛ ቀን ተመልከቱ። ቀኑ ሳያልፍ ማራዘም ካለፈ በኋላ ከመጨቃጨቅ ይቀላል።

ምልክት፦ ሁለት አቅራቢ ይዘናል፣ ሁለቱም አንድ ላይ ቆሙ

ሁለቱም በአንድ ወደብ ወይም በአንድ ቦይ ስለሚልኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በድርቅ ምክንያት የፓናማ ቦይ በቀን የሚያሳልፋቸውን መርከቦች ሲቀንስ፣ በዚያ ለሚላክ ሁሉ ችግሩ አንድ ነበር። አቅራቢ ስትመርጡ ከአገሩ ቀጥሎ የመጫኛ ወደቡንና የሚያልፍበትን መንገድ ጠይቁ። ሁለተኛውንም ከወዲሁ በትንሽ ትዕዛዝ ሞክሩት፤ ችግር ሲመጣ ለማያውቀው ደንበኛ ቅድሚያ የሚሰጥ አቅራቢ አይገኝም።