ግቢያችሁ ውስጥ የጥገና ጠረጴዛ ልታቆሙ ከሆነ

ድሬዎች፣ ግቢያችሁ ውስጥ ትንሽ የሥራ ጠረጴዛ ለማቆም ካሰባችሁ ጣውላ ከመግዛታችሁ በፊት ቦታውን አስቡበት። በኛ ከተማ ትልቁ ጠላት ፀሐይ ነው። ወደ ምዕራብ የሚያይ ግድግዳ ሥር ካደረጋችሁት ከ9 ሰዓት በኋላ ብረቱን በባዶ እጅ መንካት ዘበት ነው። በምሥራቅ በኩል አድርጉት፤ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ራሱ ጥላ ይሆንላችኋል።

አሁን ወደ ሞርሳው፣ የምንሠራበትን ዕቃ ጨብጦ ወደሚይዝልን ብረት። የባቡር ከተማ ልጅ ሆኖ ሞርሳ የማያውቅ የለም መቼም፤ ግን ብዙ ሰው ጠረጴዛውን በምግብ ጠረጴዛ ልክ ያሠራና ወገቡን ይጨርሳል። ቀጥ ብላችሁ ቁሙና ክንዳችሁን እጠፉ፤ የሞርሳው አናት ከክርናችሁ እኩል መሆን አለበት። ስለዚህ ሞርሳውን ቀድማችሁ ግዙ፣ ከክርናችሁ ከፍታ ላይ የሞርሳውን ቁመት ቀንሱ፣ የተረፈው የጠረጴዛው ቁመት ነው። ደግሞ ሞርሳውን የጠረጴዛው መሐል ላይ አትሰሩት። ከጠረጴዛው እግር በላይ፣ ጥጉ ላይ በብሎን እሰሩት፣ መሐል ከሆነ መዶሻ ባረፈ ቁጥር ጣውላው ይነጥርና ጉልበታችሁ በከንቱ ያልቃል። ከሥር ሰፊ ሮንዴላ (የብሎን ቀለበት) ይግባበት። ሚስማር በፍጹም!

አሮጌ ሞርሳ ካገኛችሁ አትናቁ። አፉን ግጠሙና ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት፤ በአንድ በኩል ብቻ ብርሃን ካሳለፈ ተጣሟልና ተዉት።

የድሪል ባትሪ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አታስቀምጡ፣ ሙቀት ይገድለዋል። ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛ ደግሞ ከግራይንደር (የብረት መቁረጫና መሞረጃ) ፍንጣሪ ራቅ ብሎ፣ ጥላ ውስጥ፣ በደንብ ተከድኖ ይቀመጥ።