ኦፔራ ጀምራችሁ በ10 ደቂቃ ለዘጋችሁት
ለጀማሪ ዘመናዊ ኦፔራ ይከብዳል የሚባለው ሁሌ እውነት አይደለም። የአሜሪካዊውን አቀናባሪ የፊሊፕ ግላስን ኦፔራ አክናተን ሞክሩት፣ በ1984 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሽቱትጋርት መጀመሪያ የታየ ነው፣ ስለ ግብፁ ፈርዖን አክናተን። ከመጀመሪያው ሳይሆን ንጉሡ ለፀሐይ ከሚዘምረው መዝሙር ጀምሩ፣ ታሪኩን ግን ቀድማችሁ አንብቡት። ለምን ይሰራል መሰላችሁ፣ ዜማው አንዷን ሐረግ እየደጋገመ ቀስ እያለ ነው የሚቀየረው፣ እና እዚህ ደብረ ብርሃን ጋቢ ለብሰን ማኅሌት ቆመን የዝማሬው ስልት ከዝማሜ ወደ መረግድ ከዛ ወደ ጽፋት ሲሄድ እየሰማን ያደግን ሰዎች ጆሯችን ይሄን ትዕግስት ለምዶታል። ንጉሡ የሴት በሚመስል ቀጭን ድምፅ ሲዘፍን ደግሞ እንዳትደነግጡ፣ ሆን ተብሎ ነው (ኦርኬስትራው ውስጥ ቫዮሊን የለም፣ ለዛ ነው የኦርኬስትራው ድምፅ ወፈር የሚለው)። ወዲያው የምታንጎራጉሩት ዜማ ከፈለጋችሁ ግን ይሄ ይሰለቻችኋል፣ የፑቺኒን ኦፔራ ላ ቦኤም ክፈቱ።