«ሥጋ አጥንት ያሳሳል» ማለትና ሌሎች በእናቶቻችን ሳህን ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

እማዬ አምና ከደጃችን ደረጃ ላይ ተንሸራታ ወደቀች። እጇን ስታስደግፍ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ጀሶ ታሰረላት፤ ሐኪሙም «እናቴ፣ አጥንትዎ ሳስቷል» አላት። ቤት ስንገባ ምክሩ ጎረፈ። አሜሪካ ያለችው አክስቴ አንድ ቪዲዮ ላከች። ሥጋና እንቁላል ካልሲየምን ከአጥንት አጥቦ ያወጣል ይላል። እማዬ አመነች። ድሮም ብዙ የማትነካውን ሥጋ ጭራሽ ተወችው። እንቁላሉም ቀረ።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ አጥንት ይጎዳል ብሎ ፕሮቲን መቀነስ።

ወሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሰው ፕሮቲን ሲያበዛ በሽንቱ የሚወጣው ካልሲየም በርግጥም ይጨምራል። የድሮ ተመራማሪዎች ይህን ለክተው፣ ፕሮቲን ሰውነት ውስጥ አሲድ ይፈጥራል፣ አሲዱን ለማርከስ ደግሞ አጥንት ካልሲየሙን ይለቃል ብለው ደመደሙ። ያኔ የባንክ ደብተር ከፍተው ወጪውን ብቻ ነው ያዩት። ገቢው በኋላ ሲታይ ነገሩ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሴቶችን አንዴ መካከለኛ፣ አንዴ ብዙ ፕሮቲን እያበላ፣ ምልክት የተደረገበት ካልሲየም በሰውነታቸው ውስጥ ተከታትሏል። ፕሮቲኑ ሲጨምር አንጀታቸው ከምግብ የሚወስደው ካልሲየም ከ18.5 በመቶ ወደ 26 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። በሽንት የታየው ትርፍ በአመዛኙ ከምግቡ የመጣ ነበር። ፕሮቲን በጣም ሲያንስ ደግሞ በተቃራኒው አንጀት ካልሲየም መውሰዱን ይቀንሳል። ያኔ ከአጥንት ካልሲየም የሚያስለቅቀው የፓራታይሮይድ ሆርሞን ከፍ ይላል። በአሜሪካ የፍራሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎችን ለዓመታት የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ጥናትም በአራት ዓመት ውስጥ ብዙ አጥንት ያጡት ትንሽ ፕሮቲን የሚበሉት አረጋውያን እንደሆኑ አሳይቷል።

አንድ ነገር ግን አለ። ካልሲየሙ ራሱ ከምግቡ ከጎደለ አንጀት የሚወስደው ነገር የለውም። ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት።

ሁለተኛው ስህተት አጥንት ማለት ካልሲየም ብቻ ይመስለናል። ቤት ያሠራ ሰው ይገባዋል፤ ካልሲየም ሲሚንቶው ነው፣ ፕሮቲን ፌሮው። ከአጥንት ክብደት ሲሶ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ጡንቻም ከፕሮቲን ነው የሚሠራው፤ ደረጃ ላይ ሲንሸራተቱ ሚዛን የሚያስጠብቀው እሱ ነው።

ሦስተኛው፣ ድስቱን አይቶ «እማማ በደንብ ይበላሉ» ማለት። ድስቱን ተዉት፤ ሳህኑን እዩ። እኛ ቤት ዶሮ ሲሠራ እማዬ ለሁሉም አውጥታ ስታበቃ የሚቀራት መረቁ ነው። «አንቺ ብዪ፣ እኔ ጠግቤያለሁ።» አንድ ቀን ቁጭ ብዬ የበላችውን ቆጠርኩ። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ምሳ ቀጭን ሽሮ በእንጀራ፣ ማታ ያው ሽሮ። በአንድ ጭልፋ ቀጭን ሽሮ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ቢኖር ነው፤ ከዚያ የሚገኘው ፕሮቲን 4 ግራም ገደማ ነው። የቀኑን ስደምረው 40 ግራም አልሞላ አለኝ። ለአረጋውያን ብዙ ባለሙያዎች የሚመክሩት ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው። 60 ኪሎ ለምትመዝን እናት ከ60 እስከ 72 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም አለው፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፤ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ወደ 18። ሥጋ ለማኘክ ጥርስ ላስቸገራት እናት ምስሩ ይቀላታል።

ሁሉንም ለማታ ማከማቸትም አይጠቅምም። በዕድሜ የገፋ ጡንቻ በየማዕዱ በቂ ፕሮቲን ሲያገኝ ነው የሚነቃው። ቁርስን ሻይ በዳቦ ብሎ ማለፍ ነው ክፋቱ።

ጾም ላይ ስንመጣ ስህተቱ በሁለቱም ወገን ነው። አንዳንዱ ልጅ «ጾሙን ተይው» ብሎ እናቱን ያስቀይማል። ሌላው ደግሞ የዐቢይ ጾም 55 ቀን በእንጀራና በድንች ሲያልፍ ዝም ብሎ ያያል። የጾም ምግብ እኮ ፕሮቲን አያጣም፤ ሽሮውን ወፈር ማድረግ፣ ክክ፣ ምስር፣ ስልጆ፣ የባቄላና የስንዴ ንፍሮ። እውነተኛ የጤፍ እንጀራም ከሩዝ ጋር ከተቀላቀለው በካልሲየም እጅግ ይበልጣል፤ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 180 ሚሊግራም ገደማ አለው። የታመመች ወይም የደከመች ከሆነ ደግሞ የንስሐ አባቷን ታማክር።

ካልሲየም ከተሳሳተ ቦታ መፈለግም አለ። የተሰበረ ሰው ሲጠየቅ የሚመጣው የአጥንት መረቅ ነው። ፍቅር አለበት፤ ካልሲየም ግን እምብዛም የለውም። ዓይብም ያታልላል። አሬራው ሞቆ አጓቱ ሲጠለል ከካልሲየሙ ብዙው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ፕሮቲኑ ይቀራል፤ ስለዚህ ይበላ፣ ግን እንደ ወተት አይቆጠር። ጎመንና ቆስጣም አንድ አይደሉም። ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ካልሲየሙን አስሮ ይይዘዋል፤ የጎመኑን ግን አንጀት በደንብ ይወስደዋል። ከ50 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት የሚመከረው በቀን 1200 ሚሊግራም ነው፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህሉን ይሸፍናል።

የመጨረሻው የእኔው ስህተት ነው። ነገሩ ሲገባኝ በማግስቱ እንቁላል በእንቁላል አደረግኳት፤ የፕሮቲን ዱቄትም ላዝላት ነበር። ስኳርና ደም ግፊት እንዳለባት የምታውቀው ነርስ ጓደኛዬ «ኩላሊቷን አስመርምረሻል?» አለችኝ። አላስመረመርኩም። ኩላሊት ሲደክም የፕሮቲኑን መጠን የሚወስነው ሐኪም ነው። ደም ሰጠች፤ ኩላሊቷ ደህና ነው ተባልን። አሁን ጠዋት ሁለት እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ትወስዳለች። ወተቱ ውስጥ ቡና ጠብ ካላደረግሽልኝ አልጠጣም ብላለች፤ አደርግላታለሁ።