ገብሱ ላይ ክሽክሽ ድንገት ሲፈላ

«ባለፈው ሳምንት ሳየው እኮ ንጹህ ነበር!» ደጋ አገር የሚያርስ ሰው ይህን ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። አይዋሽም። ግን ያየው ቀኑን እንጂ ሙቀቱን አይደለም።

ምልክት፦ ጥቂት የነበረው ክሽክሽ በቀናት ውስጥ ማሳውን ወረረው

ክሽክሽ የቅጠል ጭማቂ የምትመጥ ጥቃቅን ተባይ ናት። ድንገት ስትበዛ ከሌላ ቦታ በርሮ የመጣ ይመስላል። አንዳንዱ እውነትም በነፋስ ይመጣል፤ የሚበዛው ግን እዚያው የተወለደ ነው። የገብስ ክሽክሽ እኛ ጋ ወንድ አይጠብቅም፣ እንቁላልም አይጥልም። ሴቷ ብቻዋን ሴቶች ትወልዳለች። የተወለደችውም ሆዷ ውስጥ ጽንስ ጀምራ ነው የምትመጣው። አያት፣ እናትና ልጅ በአንድ ገላ፤ ጉድ ነው።

ፍጥነቱን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው። 10 ዲግሪ አካባቢ አንዲት ክሽክሽ አድጋ ለመውለድ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል። 20 ዲግሪ ሲያልፍ አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው። ደመናው ተገፎ ጥቂት ቀን ፀሐይ ከወጣ፣ የሦስት ሳምንቱ ሥራ በአንድ ሳምንት ያልቃል ማለት ነው። ክሽክሽን የምትበላዋ ጥንዚዛ ደግሞ ለመንቀሳቀስ ከእሷ የበለጠ ሙቀት ትፈልጋለች። ብርዱ ገና ሲለቅ ክሽክሿ ቀድማ ትሮጣለች፣ ጥንዚዛዋ ዘግይታ ትደርሳለች።

መፍትሄው ማሳ የምታዩበትን ቀን ከአየሩ ጋር ማስማማት ነው። ሲበርድና ሲዘንብ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ዝናቡ ቆሞ ሲሞቅ ግን በየሦስት ቀኑ ሂዱ። ከመንገድ ዳር አትዩ። መሐል ገብታችሁ አዲሱን፣ ገና ያልተፈታውን ቅጠል በጣት ፈልቅቁት፤ የምትደበቀው እዚያ ነው። በራሱ የበቀለ ገብስ ካለ ከመዝራታችሁ በፊት ንቀሉት፣ መጠለያዋ እሱ ነው። እርጥበቱ ከፈቀደም ቀደም ብላችሁ ዝሩ።

ምልክት፦ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ነጭ ወይም ሐምራዊ መስመር አወጣ፤ ዛላውም መውጫ አጣ

ይህ የሩሲያ ስንዴ ክሽክሽ የሚባለው ነው። ሰሜን ኢትዮጵያ ገብስ ላይ ከታየበት ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ወዲህ አብሮን አለ። ዝናብ ሲያጥር ይብሳል፤ ኃይለኛ ዝናብ ክሽክሿን አጥቦ ስለሚጥላት ያግዛል። ቅጠሉ ከተጠቀለለ በኋላ ላዩ ላይ ብቻ የሚቀር መድኃኒት መርጨት ገንዘብ መበተን ነው፤ ውስጥ አይደርስም። የግድ ከሆነ ወደ ተክሉ ውስጥ የሚገባውን ዓይነት ከልማት ሠራተኛው ጋር ተመካክራችሁ፣ መለያው ላይ በተጻፈው መጠን ተጠቀሙ። በቀትር አትርጩ። አበባ ላይ ንብ ካለም ተዉት።

ምልክት፦ ሳይረጭ ክሽክሹ ጠፋ

ደስ ይላል፣ ግን ለምን? ሙቀቱ 30 ዲግሪ ካለፈና ከቆየ የብዙዎቹ የእህል ክሽክሾች መውለድ ይቀንሳል፣ ዕድሜያቸውም ያጥራል። በቆሎና ማሽላ ላይ የሚወጣው ክሽክሽ ግን ሙቀት ይችላል፤ ቆላ ያላችሁ በዚህ አትዘናጉ።

ሌላም ምክንያት አለ። ቅጠሉን ገልብጡት። አብጠው የገለባ ቀለም የያዙ፣ የማይንቀሳቀሱ፣ አንዳንዶቹም ጀርባቸው ላይ ክብ ቀዳዳ ያላቸው ክሽክሾች ካያችሁ፣ ውስጣቸውን የበላቻቸው ትንሽዬ ተርብ ናት። እነዚህ በርከት ብለው ካገኛችሁ የመርጫ ፓምፑን ቤት ተዉት።